የካሴቱ መንገድ

ሐሙስ ጠዋት አንድ የባጃጅ ሹፌር የግራ ስፖኪዮ ሊገዛ ሱቄ ገባ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ አስፋልቱ ዳር የመለዋወጫ ሱቅ አለኝ፤ ስፖኪዮ ደግሞ በየቀኑ የሚሰበር፣ በየቀኑ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ማን እንደሰበረበት ጠየቅኩት። ሰውየው ደንበኛዬ ነው፤ ለወትሮው ምላሱ አያርፍም። ያን ዕለት ግን መደርደሪያዬን ሽቅብ እያየ «ያው መንገድ ነው፣ ያጋጥማል» ብሎ ሊያልፈው ሞከረ።

«መንገድ እጅ አለው እንዴ?» አልኩት።

«ተይው በቃ፣ ትንሽ ነገር ነው።»

እኔ ደግሞ ተይው ሲሉኝ የምተው ሰው አይደለሁም። ስፖኪዮውን መልሼ ከጠረጴዛው ስር ከተትኩትና ካልነገርከኝ አልሸጥልህም አልኩት። ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠው።

«አባትሽ ናቸው» አለኝ። «ጥጌን ይዤ ቆሜ ነበር። ሲመጡ አይቼ እጄን አንስቼ ሰላም አልኳቸው። ቀጥ ብለው መጥተው ገጭተውኝ አለፉ። የገጩኝም አልመሰላቸውም። እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ ነው።»

አልከፋኝም፤ ፈራሁ። እሑድ ማጀቴ ከተማ ሰርግ ነበረን፣ የእናቴ ወንድም ልጅ ሊያገባ ነው። አባቴ ደግሞ ገና ድሮ ራሳቸውን በራሳቸው ሹመው ጨርሰዋል፤ እሳቸው በፒካፓቸው ይነዳሉ፣ እናቴ ጋቢና ከጎናቸው ትቀመጣለች፣ እኔና ሁለቱ ሴት ልጆቼ ከኋላ እንሆናለን። በደሴ መንገድ ላይ፣ ያን ሁሉ ተሳቢና አውቶብስ እየተጋፋን፣ ቆሞ ሰላም የሚላቸውን ሰው ያላዩ አባቴ ሊወስዱን ነው።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሹፌር ነበሩ። አሰብ ወደብ ድረስ የጭነት መኪና ሲያመላልሱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ያቺን ያረጀች ደብል ጋቢና ፒካፕ ገዙ። በእሷ ገበያ ይሄዳሉ፣ ለቅሶ ያደርሳሉ፣ ከቀወት የገጠር ቀበሌዎች የዘመድ እህል ይጭናሉ። ከተማው ውስጥ የሚከበሩትም በእሷ ነው። ቁልፏ ሁልጊዜ ኮት ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ በዚያ ሙቀት ኮት የሚለብሱትም ለቁልፏ ሲሉ ይመስለኛል።

እውነቱን ለመናገር ከስፖኪዮው በፊትም ያሳሰበኝ ነገር ነበር። የግቢያችን በር ላይ የፒካፗ ቀለም ተፍቆ ቀርቷል። ሰው ቤታችን ሲመጣ ድምፁን እስኪያሰማ ድረስ ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ ሲናገር ነው ፊታቸው የሚፈታው። ሻይ ሲቀዱ ጣታቸውን ከብርጭቆው አፍ ላይ አድርገው ሙቀቱ ሲደርስባቸው ያቆማሉ። ዓይን ሐኪም እንሂድ ስላቸው መልሳቸው «ከሰርጉ በኋላ» ነው። ሰርጉ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ «ከፋሲካ በኋላ» ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ሱቄን ዘግቼ እነ እናቴ ቤት ሄድኩ። ትሪው ቀርቦ ነበር። ነገር ማዋዛት አልችልበትም፤ እጄን ታጥቤ ሳልጨርስ ተናገርኩት።

«አባባ፣ እሑድ እኔ እነዳለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«እኔ እነዳለሁ። መንጃ ፈቃድ አለኝ።»

እጃቸውን ከትሪው አነሱ። «መንጃ ፈቃድሽን ሱቅሽ ውስጥ ስቀይው። ይህን መንገድ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ።»

«የፈራሁት እሱን ነው» አልኩ።

እናቴ «እባካችሁ፣ ማዕድ ፊት» አለች። ግን አይታኝ ነበር፤ አስተያየቷ በርቺ የሚል ነው። እሷም ፈርታለች፤ ለመናገር ግን እኔን ስትጠብቅ ኖራለች። ስለ ስፖኪዮው ነገርኳቸው። የአባቴ ፊት ከሰል መሰለ። ባጃጆች መንገድ መሃል እየቆሙ እንዳስቸገሩ፣ የዛሬ ሹፌር ሁሉ ከቦታው እንደማይቆም፣ እሳቸው በሕይወታቸው አንድ ዶሮ እንኳ እንዳልገጩ አስረዱኝ። ዶሮዋን በተመለከተ እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ቢለምኗቸው ቢቆጧቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ነገሩን ያመጣው ሳንዱቁ ነው። እናቴ ለሰርጉ የምትለብሰውን ቀሚስ ልታወጣ ከአልጋ ስር ሳንዱቋን ጎተተች፤ ከቀሚሱ ስር በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ገልጬ ሳየው እኔው ራሴ ጮህኩ። ላስቲክ ቁልፎች የተደረደሩበት፣ ከጫማ ካርቶን የሚያንስ ጥቁር ሳጥን ነው። የልጅነታችን ኮምፒውተር።

አባቴ ይህን ዕቃ አሰብ ከአንድ ሱቅ ሲገዙት ኮምፒውተር የሚባል ነገር መኖሩን የሰሙ አይመስለኝም። ነጋዴው ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ የመኪና ጨዋታ ሲጫወት አይተው ቆሙ፤ ቆመውም ቀሩ። ቀኑን ሙሉ መሪ ሲያዞር የሚውል ሰው፣ ቤቱ ገብቶ ደግሞ መኪና የሚነዳበት ዕቃ መግዛቱ ለእናቴ እስከ ዛሬ አልገባትም። ለእኔ ግን ያኔውኑ ገብቶኛል። ከመንገድ በመጡ ቁጥር አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬያቸው የምነዳበት ሌላ ምንም ነገር አልነበረኝም።

ጨዋታው የሚመጣው በካሴት ነው። ዘፈን እንደሚሰማበት ያለ ተራ ካሴት ነው፤ ቴፕ ውስጥ ሲገባ ግን ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይወጣዋል። ያ ጩኸት በሽቦ ወደ ሳጥኑ ይገባና ከብዙ ጥበቃ በኋላ ቴሌቪዥኑ ላይ መንገድ ሆኖ ይወጣል። መንገዱ ከላይ ወደ ታች ይፈሳል። አንዲት ነጭ መኪና ከስር ሆና ትሮጣለች፤ ጥቁር መኪናዎች ከኋላና ከጎን እየመጡ ገፍተው ገደል ሊከቷት ይታገላሉ። አንዱ ቁልፍ ግራ፣ አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ነዳጅ፣ አንዱ ተኩስ ነው። ድምፁ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ አይወጣም፤ ከሳጥኑ ከራሱ ሆድ ነው፣ ጢጥ ጢጥ እያለ። ቴሌቪዥናችን ያን ጊዜ ከበረዶ በቀር ምንም የማያሳይበት ቀን ብዙ ስለነበር፣ ጥቁሮቹ በየት በኩል እንደመጡ በጢጥታው መለየት ለምደን ነበር።

ልጆቼ በስልካቸው የሚጫወቱት ጨዋታ በተከፈተ ቁጥር ሌላ ነው። ያ ግን አንድ ነው፤ ኩርባው፣ ድልድዩ፣ ጥቁሮቹ የሚወጡበት ቦታ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ሹፌሮች በመንገዳቸው ላይ ላለ ኩርባ ሁሉ ስም እንደሚያወጡ አባቴም አወጡለት። ጠባቡ ድልድይ ሮቢ ድልድይ ተባለ። ሁሉ ነገር ጨልሞ የነጯ መኪና መብራት ብቻ የሚታይበት ረጅም ዋሻ ጣርማ በር ሆነ። መጨረሻው፣ መንገዱ አልቆ ባሕር የሚታይበት ቦታ፣ አሰብ ነው።

አባቴ ሳጥኑን ከእጄ ተቀብለው ቁልፎቹን በጣታቸው ዳበሱ። ቁጣቸው ከየት እንደሄደ አላወቅኩም፤ እንደ ልጅ ፈገግ አሉ።

«ዓይኔን ልትፈትኚ አይደል የፈለግሽው?» አሉኝ። «በዚህ ፈትኚኝ። አሰብ ከደረስኩ እኔ እነዳለሁ። አሰብ ሳልደርስ ከሞትኩ ቁልፉ ያንቺ። ረዳቴ ይዳኘን።»

እሺ አልኩ። ስህተቴ እሱ ነበር፤ የሹፌር ልጅ ባልሆን ኖሮ የማልሳሳተው ስህተት።

ረዳቴ ሲሉ በአሰቡ ዘመን አብሯቸው የሠራውን ሰው ነው። ዛሬ እሱም ፀጉሩ ሸብቷል፣ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነው። እኛ ቤት ስላደገ እንደ ታላቅ ወንድሜ ነው የማየው፤ ጋሼ እለዋለሁ። አባቴን ዛሬም አለቃ ይላቸዋል። ገበያም ለቅሶም ሲሄዱ ብዙ ጊዜ ጋቢና ከጎናቸው የሚቀመጠው እሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰበሰብን። ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን የሳጥኑን ሽቦ አልቀበልም ስላለ፣ እናቴ ዳንቴል አልብሳ ጥግ ያስቀመጠችውን ጀርባው ወፍራም ቴሌቪዥን አወጣን። የቴፑ ላስቲክ በሙቀቱ ቀልጦ ስለነበር ከሱቄ ኦሪንግ የሚባለውን ክብ ላስቲክ አምጥቼ ተካሁበት። ሞባይል የሚጠግነው ጎረቤታችን ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝ ነገር ሠራልን። የቀኑ ግለት እንደ እሳት ስለሆነ በሩ ክፍት ነበር፣ ብርሃኑ የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ይወድቃል። ልዝጋው ወይ ስላቸው አባቴ «ተይው፣ ነፋስ ይግባ» አሉ።

ካሴቱ ጮኸ። መጀመሪያ አልሆነም፤ የቴፑን ድምፅ ዝቅ፣ ከፍ እያደረግን ደጋግመን ሞከርን። ልጆቼ ጆሯቸውን ይዘው በሩ ላይ ይስቃሉ። እኔ ግን እንዲያሸንፉ እፈልጋለሁ ወይስ እንዲሸነፉ? ሁለቱንም በአንድ ላይ ፈለግኩ። አሰብ ቢደርሱ አባቴ እንደ ድሯቸው ናቸው ማለት ነው። ባይደርሱ ደግሞ ልጆቼ በሰላም ማጀቴ ይገባሉ።

በመጨረሻ መንገዱ መጣ። ነጯ መኪና ከስር ብቅ አለች። አባቴ በርጩማቸውን ጠጋ አደረጉ፣ ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አመቻቹ፤ ረዳት በቀኛቸው ተቀመጠ።

«ሞተር ተነሳ» አሉ።

መንዳት ጀመሩ፤ እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጣቶቻቸው ያን ያህል ይፈጥናሉ ብዬ አልጠበቅኩም። የመጀመሪያውን ጥቁር መኪና ከጎን ሳይደርስባቸው ተኮሱት። ሁለት ሆነው የሚመጡትን መሃል ለመሃል አለፏቸው። ረዳትም እንደ ልማዱ ማውራቱን ጀመረ።

«በግራ አንድ ጥቁር መጣ፣ አለቃ... ቀረ። ኩርባዋ፣ ወደ ቀኝ ናት... አሁን ቀና። ሮቢ ድልድይ መጣች፣ ጠበበች፣ ጠበበች፣ መሃል... አለፍን።»

የድሮ የጭነት መኪና ረዳት ሥራው ጎማ መቀየርና ሸራ ማሰር ብቻ አይደለም። ጋቢና ተቀምጦ መንገዱን ማውራት አለበት። ግመል በቀኝ፣ አህያ በግራ፣ ይህ አውቶብስ ሊቆም ነው እያለ ሹፌሩን እንቅልፍ እንዳይጥለው ያነቃዋል። ይህን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማው ስለኖርኩ እንደ ሞተር ድምፅ ነው የሚሆንብኝ፤ አለ ብዬም አላስበው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «አንተ ዝም በል፣ እሳቸው ራሳቸው ይዩ» ይለው ነበር። እኔ ግን ሹፌር አጠገብ ረዳት ሲያወራ የሰማሁ እንኳ አልመሰለኝም። የፈተናውን መልስ አጠገባቸው አስቀምጬላቸው ዓይናቸውን ፈተንኩ ብዬ ተቀምጫለሁ።

እየነዱ ሄዱ። እናቴ ሥራዋን ትታ መጥታ ከኋላቸው ቆመች። ልጆቼ «አያ! አያ!» እያሉ መጮህ ጀመሩ። የአባቴ ግንባር ላይ ላቡ ችፍ ብሏል፣ ጥርሳቸውን ነክሰዋል፣ ፊታቸው ግን አብርቷል። ያን ጊዜ ተሸነፍኩ ብዬ አመንኩ፤ ደግሞም ደስ አለኝ። አየሽ፣ ሁሉ ነገር ደህና ነው፣ ባጃጁ ነው ያለቦታው የቆመው ብዬ ራሴን ማሳመን ጀምሬ ነበር።

«ጣርማ በር» አለ ረዳት። «ገባን።»

ቴሌቪዥኑ ጨለመ። የነጯ መኪና መብራት ብቻ ቀረ፣ እንደ ሁለት ክር ሆኖ። እዚያ ዋሻ ውስጥ ነው ድሮ እኔ የምሞተው። አባቴ ግራ ያዙ፣ ቀኝ ያዙ። ጢጥ ጢጥ ይላል ሳጥኑ። ከዚያ ሁለቱ ክሮች ሟሹ፣ አንዲት ነጥብ ሆኑ፣ ነጥቧም ጠፋች።

መጀመሪያ ዋሻው ነው ብዬ ጠበቅኩ። ድሮም እንዲህ ይጨልም ነበር ወይ ብዬ ለማስታወስ ታገልኩ። አባቴ ይነዳሉ። ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ። ረዳትን አየሁት፤ አንገቱን አስግጎ መስታወቱ ላይ አፍጥጧል፣ አፉ ተከፍቷል፣ ቃል አይወጣውም። ያኔ የቴሌቪዥኑን ቀይ መብራት ፈለግኩ። የለችም። ቴሌቪዥኑ ሞቷል። ሳጥኑ ግን የራሱ ኤሌክትሪክ ስላለው ጢጥታውን አላቋረጠም።

«ወጣን!» አሉ አባቴ በደስታ። «ጣርማ በርን ጨረስን።»

ጥቁሩ መስታወት ላይ ከበሩ የሚገባው ብርሃንና የእኛው ጥላ ብቻ ነበር የሚታየው። ልጆቼ ጩኸታቸውን አቆሙ። አባቴ አንገታቸውን ወደ ረዳት ትንሽ ዘንበል አደረጉ፤ ዓይናቸው ግን መስታወቱ ላይ ነው፣ ጣቶቻቸውም ቁልፎቹ ላይ እየሠሩ ነው።

«ምነው ዝም አልክ?» አሉት።

ረዳት አልመለሰም።

«አንተ! ምነው ዝም አልክ? ጥቁሮቹ በየት በኩል ናቸው?»

ሳጥኑ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ረጅም ጩኸት አሰማ፤ ነጯ መኪና ገደል ስትገባ የምታሰማው ነው። አባቴ ሳቁ። እጃቸውን አንስተው የረዳትን ትከሻ መታ አደረጉት። «ገደልከኝ እኮ! አሰብ በር ላይ ስደርስ ዝም ትለኛለህ? በሉ ከመጀመሪያው ክፈቱልኝ።»

ማንም አልተነሳም። የተናገረችው እናቴ ናት።

«ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል እኮ» አለቻቸው፣ ቀስ ብላ።

«መቼ?»

«ዋሻው ውስጥ» አልኳቸው እኔ።

እጃቸውን ዘርግተው መስታወቱን ነኩ። መዳፋቸውን እዚያው ለጥፈው ቆዩ። ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ወዲያው አልጠፋም፤ ጥቂት ቆይቶ ነው የሄደው፤ እኔንም አንጀቴን የቆረጠኝ እሱ ነው። አባቴ ሊያታልሉኝ አልነበረም። ያን ጨዋታ ሲነዱ መንገዱ ፊታቸው ወለል ብሎ ይታያቸው ነበር። የሚያስታውሱት መንገድና የሚያዩት መንገድ የተለያዩ መሆናቸውን ሰው እስኪነግራቸው ድረስ አላወቁም።

ረዳት ተነስቶ ወደ ግቢው ወጣ። ተከትዬው ወጣሁ፤ ደሜ ፈልቶ ነበር።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ምን ላድርግ ትያለሽ?» አለኝ። እንባው መጥቷል። «መጀመሪያ ‹ያ የቆመው ምንድን ነው› ይሉኛል፣ እነግራቸዋለሁ። ቀስ በቀስ መጠየቁን ተዉት፣ እኔ ራሴ ማውራት ጀመርኩ። አለቃ ናቸው፤ አሳድገውኛል። አይንዱ ልበላቸው? በየትኛው አፌ?»

ልጮህበት የተነሳሁት ሴትዮ ግድግዳውን ተደግፌ አብሬው ቆምኩ። እኔም እኮ ‹ዓይንዎ አያይም› ብዬ በግልጽ አልነገርኳቸውም፤ ፈተና ነው ያደረግኩት።

ማታ እራት ላይ አባቴ ቁልፉን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። በእጄ አልሰጡኝም፤ አስቀመጡት።

«ጋቢና እኔ ነኝ የምቀመጠው» አሉ። «መንገዱን እነግርሻለሁ። አንቺ አታውቂውም።»

«እሺ አባባ» አልኩ። ያን ጊዜ ጣሪያው ላይ እቀመጣለሁ ቢሉኝም እሺ እል ነበር።

እሑድ ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ተነሳን። አባቴ ከጎኔ፣ እናቴና ልጆቼ ከረዳት ጋር ከኋላ። ሰዉ ሁሉ የሰርግ ልብስ ለብሷል። የአባቴን ፒካፕ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ስነዳ የመጀመሪያዬ ነው።

ከከተማው ወጣ እንዳልን ጀመሩ። «አሁን መንገዱ ወደ ግራ ይጠመዘዛል። ሁለተኛ አታድርጊያት፣ ሦስተኛ ይበቃታል። ከኩርባው ስትወጪ በቀኝ በኩል አስፋልቱ ተበልቷል፣ መሃል ያዢ።» እንዳሉት ሆነ። «ቀጥሎ ቁልቁለት አለ፣ ፍሬን አትርገጪ፣ በማርሽ ያዢያት።» እሱም እንዳሉት ሆነ። ድምፃቸው ረጋ እያለ፣ እየጠነከረ መጣ። እኔም ትከሻዬ ቀለል አለኝ። ዓይናቸው ባይኖርም መንገዱ አላቸው ብዬ አሰብኩ፤ ያሳዘነኝን ያህል አኮራኝ። በመስታወት ሳይ እናቴም ፈገግ ብላለች።

«እቺን ጉብታ ስትወጪ» አሉ፣ «መንገዱ ቀጥ ይላል። እዚያ ልቀቂያት። ግራና ቀኙ ማሽላ ነው፣ ነፍስ ያለው ነገር የለም። በአሰቡ ዘመን እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ እለቃት ነበር።»

ሦስተኛን ወደ አራተኛ ለመቀየር እጄን ማርሹ ላይ አደረግኩ። ጉብታውን ወጣን።

ቤቶች ነበሩ። አስፋልቱን ግራና ቀኝ ይዘው የተሠሩ ቆርቆሮ ቤቶች፣ ጭቃቸው ገና ያልጠቆረ። በግራ በኩል ቦኖ ተተክሏል፤ በቀኝ በኩል ካሉት ቤቶች ውሃ ሊቀዳ የሚመጣው ሁሉ መንገዱን ያቋርጣል። ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ቢጫ ጀሪካን በሁለት እጃቸው የተሸከሙ ትንንሽ ልጆች። ፍሬን ረገጥኩ። ጎማው ጮኸ፣ ልጆቼ ከኋላ ወንበሬ ጋር ተጋጩ። ፒካፗ ከሰዎቹ ፈንጠር ብላ ቆመች።

«ምን ሆንሽ?» አሉ አባቴ፣ እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ደግፈው።

«ሰው እየተሻገረ ነው።»

«እዚህ? እዚህ ሰው የለም።»

«ሰፈር ነው፣ አባባ። ውሃ የሚቀዱ ናቸው።»

አንገታቸውን ወደ ኋላ አዞሩ። «አንተ! እዚህ ሰፈር አለ?»

«አለ፣ አለቃ» አለ ረዳት። «እዚህ ስንደርስ ‹ቀስ ይበሉ› እልዎት የለ?»

«ለጉብታው መስሎኝ» አሉ። የመስኮቱን እጀታ ፈልገው አገኙና መስታወቱን ዝቅ አደረጉት። የልጆቹ ድምፅ ገባ፤ አንዷ ጀሪካኗ ፈሶባት ታናሿን ትቆጣለች። አባቴ ጆሯቸውን ወደዚያ ሰጥተው አዳመጡ። ብዙ አዳመጡ። ከኋላችን አንድ ተሳቢ መጥቶ ጡሩምባውን ነፋ፤ አልተንቀሳቀስኩም።

«ማክሰኞ ለታ ብቻዬን ነበርኩ» አሉ።

«ብቻዎን?» አለ ረዳት። አያውቅም ነበር።

«አንተ ተራ ላይ ነበርክ። ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን ተመለስኩ። እዚህ ስደርስ ለቀቅኳት።»

የመጨረሻዋ ሴት እጇን አንስታ አመስግናን ተሻገረች፤ ከኋላዋ አንድ ትንሽ ልጅ እየሮጠ ተከተላት።

«አለፉ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አለፉ፣ አባባ። ሁሉም አልፈዋል።»

«ማክሰኞስ?» አሉ።

አንድ ሰው ተጎድቶ ቢሆን ኖሮ እስካሁን እንሰማ ነበር። ያን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ ይህን እሳቸውም ያውቁታል። ማርሽ አስገብቼ ቀስ ብዬ ነዳሁ። አባቴ መስኮቱን አልዘጉትም፤ ማጀቴ እስክንገባም ድረስ ስለ መንገዱ አንድ ቃል አልተናገሩም።